መጀመሪያ የእንጦጦን ዳገት አስቢ

ሚጣዬ፣ ስልክሽን እስቲ ወደ እኔ አዙሪው። ይህን ሳይክል ሰሞኑን ደጋግመሽ ስታዪው አይቻለሁ። ቀለሙ ያምራል፣ ቀጠን ያለ ነው፣ ሻጩም «የውድድር ነው» ብሎ ጽፎበታል። እኔ ግን ከቀለሙም ከስሙም በፊት እንድታዪልኝ የምፈልገው ሌላ ቦታ አለ። ፎቶውን አሳድጊና የኋላውን ቸርኬ መሃል ተመልከቺ። እዚያ ከተደረደሩት ማርሾች ትልቁ ስንት ጥርስ አለው? ፊት፣ ከፔዳሉ ጋር ከሚዞሩት ሁለቱ ደግሞ ትንሹ ስንት ነው? ሻጩ ካልጻፈው ደውይና አስቆጥሪው። መቁጠር ከሰለቸው ሄደሽ ራስሽ ቁጠሪ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሳታውቂ ቀብድ እንዳትከፍዪ።

ምክንያቱ ያለንበት ከተማ ነው። ልደታ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ማርያም ደግሞ 3,000 ሜትር ገደማ። ከቤታችን ተነስተሽ በተክለ ሃይማኖት፣ በፒያሳ፣ በስድስት ኪሎ፣ በሽሮ ሜዳ አድርገሽ እስከ ላይ ብትነጂ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጫለሽ፤ ከዚህም አብዛኛው ከሽሮ ሜዳ በኋላ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው። «እኔ ሜዳ ሜዳውን ነው የምነዳው፣ እንጦጦ ምን ሊያደርግልኝ» እንዳትዪኝ። አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘነበለች ከተማ ናት። ከልደታ ወደ ሳር ቤት፣ ወደ መካኒሳ፣ ወደ ለቡ ስትሄጂ መንገዱ ራሱ ይወስድሻል፤ ወደ አቃቂ በኩልም እንደዚያው ነው። ጠዋት በትኩስ ጉልበት ትወርጃለሽ፣ ከዚያ ደክሞሽና ርቦሽ ሽቅቡን ይዘሽ ወደ ቤት ትመለሻለሽ። ማርሽ መምረጥ ያለብሽ ለዚያ ለመመለሻው ሰዓት ነው።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። የፊቱን ማርሽ ጥርስ ለኋላው ታካፍያለሽ፤ የምታገኚው ቁጥር ፔዳሉን አንድ ጊዜ ስታዞሪ የኋላው ጎማ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግርሻል። 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የኮርስ ሳይክል ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2.13 ሜትር ገደማ ይሄዳል። እንግዲህ ያገለገሉ የውድድር ሳይክሎች ብዙ ጊዜ ፊት 53 እና 39፣ ኋላ ደግሞ ከ12 እስከ 25 ጥርስ ይዘው ነው የሚመጡት። ትንሹ የፊት ማርሽ 39፣ ትልቁ የኋላ 25 ነው፤ 39 ለ25 ሲካፈል 1.56። በአንድ የፔዳል ዙር 3.3 ሜትር ያህል ትሄጃለሽ ማለት ነው። አሁን በሰዓት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር እየሄድሽ ዳገት ላይ ነሽ እንበል፤ በእውነተኛ ዳገት ላይ ለጀማሪ ይህ ጥሩ ፍጥነት ነው። በዚያ ማርሽ እግርሽ በደቂቃ የሚዞረው 45 ጊዜ ብቻ ነው። እያንዳንዷን ዙር ከኮርቻው ተነስተሽ በሙሉ ክብደትሽ ትረግጫታለሽ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጉልበትሽ ላይ ይሰማሻል፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሕመም ይሆናል።

ፊት 34፣ ኋላ 34 ያለው ሳይክል ላይ ያው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ያው ዳገት፣ እግርሽ በደቂቃ 70 ጊዜ ይዞራል። ተቀምጠሽ፣ እየተነፈስሽ፣ ከጎንሽ ካለ ሰው ጋር ቃል እየተለዋወጥሽ። ሥራው ያው ነው፤ ከፍታው አልቀነሰም፣ ክብደትሽም አልቀነሰም። የተለወጠው ሥራው በስንት ቁራሽ ተከፋፍሎ እንደደረሰሽ ነው። ትልቅ እንጀራ በአንድ ጉርሻ አይዋጥም፤ ቆራርሰሽ ነው የምትበዪው፣ ማርሽም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በዚያ ላይ አየራችን ቀጭን ነው። በእኛ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እዚህ ተወልደን ስላደግን ሳንባችን ለምዶታል፣ ግን መልመድ ማለት ከባሕር ጠለል ጋር እኩል መሆን ማለት አይደለም። ጣሊያን ወይም ኔዘርላንድ ላለ ነጂ ታስቦ የተገጠመ ማርሽ ለዚህ ከተማ አልታሰበም። ኔዘርላንድ ውስጥ 39 በ25 ይበቃል፤ ዳገት የሚሉት ድልድይ ነው። አንቺ ግን በየቀኑ የምትነጂው ቸርችል ጎዳናን ነው።

ቀላል ማርሽ የደካማ ነው የሚል ሰው ያጋጥምሻል። ሱቅ ውስጥም፣ መንገድ ላይም፣ በተለይ ወንዶቹ ናቸው የሚሉሽ። ይህ አስተሳሰብ በጣም የቆየ ነው፤ የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ሄንሪ ዴግራንዥ ራሱ ማርሽ መቀየሪያን ይንቅ ነበር፣ ውድድሩም እስከ 1929 ዓ.ም. ድረስ ከልክሎት ቆይቷል። ተወዳዳሪዎቹ ዳገት ሥር ሲደርሱ ወርደው የኋላውን ጎማ ፈትተው ያዞሩ ነበር፤ በሌላው ጎን ቀለል ያለ ማርሽ ነበረበትና። ዛሬ በዓለም ከፍተኛ ደረጃ የሚወዳደሩት ራሳቸው ከኋላ 34 ጥርስ ይዘው ተራራ ይወጣሉ። የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ከእሱ ጋር አልፕስና ፒሬኔ ላይ የነበሩት ሁሉ ማርሻቸውን የሚመርጡት በዕለቱ መንገድ ነበር እንጂ በኩራት አልነበረም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ የተደረገውን የዓለም ሻምፒዮና አስታውሺ፤ አፍሪካ ውስጥ ሲካሄድ የመጀመሪያው ነው። ወንዶቹ 267.5 ኪሎ ሜትር ነዱ፣ ከ5,400 ሜትር በላይ ወጡ፣ ከመንገዱም አንዱ ክፍል እንደኛ ሰፈር ኮብልስቶን የተነጠፈበት ዳገት ነበር። ታዴ ፖጋቻር አሸነፈ፣ የጨረሱት 30 ሰዎች ብቻ ናቸው። እነዚያ በዓለም ምርጥ የሆኑት ሰዎች ቀላል ማርሽ ካስፈለጋቸው፣ ሥራ ውለሽ አምሽተሽ የምትነጂውን አንቺን እንዴት ያሳፍርሻል?

ስለዚህ ምርጫዬን በቁጥር ልንገርሽ። ፊት 50 እና 34፣ ኋላ ከ11 እስከ 34። ይህን ካገኘሽ ያዢው። ከ11 እስከ 32 ቢሆንም ይሆናል። ከ11 እስከ 28 የያዘ ሆኖ ሌላው ሁሉ ከተስማማሽ፣ የኋላው ማርሽ ቀያሪ ረጅም እጅ ያለው መሆኑን እዪ፤ ሁለቱን ትናንሽ መዘውሮች የሚይዘው ያ ወደ ታች የተንጠለጠለ ክፍል ማለቴ ነው። እጁ አጭር ከሆነ ትልቁን ማርሽ አይችልም፣ ሰንሰለቱንም አይወጥረውም፣ መቀየር ያለብሽ ነገር ከአንድ ወደ ሁለት ይጨምርብሻል። ፊት 46 እና 30 ያለው ካጋጠመሽ ደግሞ አትናቂው፤ ለሩቅ መንገድና ለኮረኮንች የተሠራ ነው፣ እንጦጦንም ሱሉልታንም በምቾት ያወጣሻል።

«ቁልቁለት ላይ አያንስም?» ትዪኝ ይሆናል። አያንስም። 50 ለ11 ሲካፈል 4.5 ነው፤ እግርሽን በደቂቃ 90 ጊዜ ብታዞሪ በሰዓት 52 ኪሎ ሜትር ትሄጃለሽ። ከእንጦጦ ስትወርጂ ደግሞ ፔዳል መርገጥ የለብሽም፤ ያን ጊዜ ልብሽ ያለው ፍሬኑ ላይ ነው። በሚኒባስና በላዳ መሃል ከ52 በላይ የምትፈልጊበት አንዳች ምክንያት አይታየኝም፣ ብትፈልጊም አልፈቅድልሽም።

አሁን ስለ ማርሾቹ ብዛትና ስለ ስሙ። ገበያችን ላይ በብዛት የምታገኚው ሺማኖ ነው፤ የኮርስ ሳይክል ቤተሰቡም በደረጃ የተሰለፈ ነው። ክላሪስ ኋላ ስምንት ማርሽ አለው፣ ሶራ ዘጠኝ፣ ቲያግራ አሥር፣ 105 ደግሞ እንደ ዘመኑ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት። ከዚያ በላይ ኡልቴግራና ዱራ ኤስ አሉ፤ እነሱን ለጊዜው እርሻቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሺማኖ ኪውስ የሚባል አዲስ ቤተሰብ አውጥቷል፤ የታችኞቹን ሦስቱን ቀስ በቀስ እየተካ ነው። ኪውስ ጠንካራ ነው፣ ግን ክፍሎቹ ከድሮዎቹ ጋር አይቀላቀሉም፣ ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት መለዋወጫውን ከተማ ውስጥ ማን እንደያዘው ጠይቂ።

ሰው በደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል ይላል። እኔ ለአንቺ የምመኝልሽ ሶራ ወይም ቲያግራ ነው፣ ምክንያቱም ክብደትና ውበት ሳይሆን መጠገን ነው የሚያሳስበኝ። ማርሹ በበዛ ቁጥር ሰንሰለቱ ይቀጥናል፣ ማስተካከያው ይጠብቃል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ባለ ስምንት፣ ባለ ዘጠኝና ባለ አሥር የሺማኖ የኋላ ማርሾች አንድ ዓይነት ቸርኬ ላይ ይገባሉ፤ ባለ አሥራ አንዱ ግን ቸርኬው ላይ ትንሽ ረዘም ያለ ማረፊያ ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ሶራ ገዝተሽ የኋላ ቸርኬሽ አንድ ቀን ቢበላሽ፣ ከሌላ ያገለገለ ሳይክል ላይ ተፈትቶ የመጣ ቸርኬ የሚገጥምልሽ ዕድል ሰፊ ነው። ስምንቱስ ለምን አይሆንም? ይሆናል፣ ሰንሰለቱ ርካሽ ነው፣ ቻይም ነው። ነገር ግን ከ11 እስከ 34 ያለውን ርቀት በስምንት ስትከፋፍዪው በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ዝላይ ይሰፋል፤ አንዱ ይከብድሻል፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ እግርሽን በባዶ ያዞረዋል። ዘጠኝና አሥር ላይ ይህ ይረግባል። በጀትሽ ለክላሪስ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ክላሪስ ግዢና ንጂ፤ ጥቂት ዓመት ቆጥቤ ልግዛ ብለሽ አትቀመጪ።

በባትሪ የሚቀያየረውን አሁን እርሺው። ሥራው ግሩም ነው፣ ስለ እሱ ክፉ አልናገርም። ግን መንገድ ላይ ቢጠፋብሽ ሰፈር ያለ ሜካኒክ ሊረዳሽ አይችልም። በካቦ የሚሠራው ማርሽ ቢበላሽ ካቦውን የሚቀይርልሽ ሰው አታጪም።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዢው፣ ቦርሳሽ ውስጥ የተማሪ ማስመሪያ ያዢ፤ ባለ 30 ሳንቲ ሜትሩን። ሰንሰለቱ ላይ የአንዷን ችንካር መሃል ዜሮ ላይ አድርጊና ሃያ አያያዥ ቁጠሪ፤ የመጨረሻዋ ችንካር መሃል 25.4 ሳንቲ ሜትር ላይ ማረፍ አለበት። ሰንሰለት ሲያረጅ ይረዝማል። 25.5 ካለፈ ሰንሰለቱ አልቋል። ሰንሰለት ማለቁ ብቻውን ችግር የለውም፣ ውድ ነገር አይደለም፣ ትቀይሪዋለሽ። ችግሩ ያለቀ ሰንሰለት ለረጅም ጊዜ ተነድቶበት ከሆነ የኋላ ማርሾቹንም በልቷቸዋል ማለት ነው። ጥርሶቹን በጣትሽ ዳብሺያቸው፤ ደህና ጥርስ ጫፉ ደልደል ያለ ነው፣ ያለቀው ግን ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ እንደ መርፌ ይሾላል። አዲስ ሰንሰለት በተበላ ማርሽ ላይ ብትገጥሚ ዳገት ላይ ስትረግጪ ይዘልብሻል፣ ይህ ደግሞ መኪና ባለበት መንገድ አደጋ ነው። እንዲህ ሆኖ ካገኘሽው የሰንሰለቱንም የማርሹንም ዋጋ ከሳይክሉ ላይ ቀንሰሽ ተደራደሪ።

እዚያው ጎንበስ እንዳልሽ አንድ ነገር ላሳይሽ። የኋላው ማርሽ ቀያሪ ሳይክሉ ላይ የሚያያዘው በቀጥታ አይደለም፤ በመካከሉ አንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ አለች፣ በአንድ ወይም በሁለት ብሎን የታሰረች። ሳይክሉ በቀኝ ጎኑ ሲወድቅ ዋናው አካል እንዳይሰበር መጀመሪያ እንድትጣመም ተብላ የተሠራች ናት። ሳይክልሽ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ክፍለ ሀገር ሲሄድ፣ ደረጃ ላይ ሲንሸራተት፣ ልጆች ሲገፉት፣ የምትጣመመው እሷ ናት። ስትጣመም ማርሹ አይገባም፣ ይንቀጫቀጫል፣ ወደ ትልቁ ማርሽ ስትቀይሪ ደግሞ ማርሽ ቀያሪው ቸርኬው ሽቦዎች ውስጥ ሊገባ ይችላል። የብዙ ሰው ሳይክል በዚህች ቁራጭ ምክንያት ቤት ውስጥ ቆሞ ከርሟል፣ ምክንያቱም የእያንዳንዱ ሞዴል ቅርጽ የተለያየ ነውና ከሌላ ሳይክል ፈትተሽ አትገጥሚያትም። ከኋላ ቆመሽ እዪ፤ ሁለቱ ትናንሽ መዘውሮች ከማርሾቹ ጋር ቀጥ ብለው መሰለፍ አለባቸው።

ፍሬን ላይ አጥብቄ የምነግርሽ አለኝ። ክረምት አለብን፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መንገዱ ሁሉ ውሃ ነው። ቸርኬውን ራሱን ጨብጦ የሚያቆመው የድሮው ፍሬን በደረቅ ጊዜ በቂ ነው፣ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ማንም ይጠግነዋል። ዝናብ ላይ ግን ሲጨበጥ መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው የሚይዘው፤ ያች ቅጽበት ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ረጅም ናት። አቧራና ጭቃ ደግሞ ቸርኬውን ራሱን ይፍቀዋል፣ ካለቀ ቸርኬ መቀየር ነው። ዲስክ ፍሬን ይህ ሁሉ የለበትም። ዲስክ ከሆነ ግን ሁለት ዓይነት መሆኑን እወቂ፤ በዘይት የሚሠራና በካቦ የሚሠራ። የዘይቱ እጅግ ለስላሳ ነው፣ በሁለት ጣት ያቆምሻል። ሺማኖ ከሆነ የሚፈልገው የራሱን የማዕድን ዘይት ነው፤ የመኪና ፍሬን ዘይት የሚጨምርበት ሰው እንዳይነካው፣ ላስቲኩን ያበላሸዋል። ይህን የሚያውቅ ሜካኒክ ከሌለሽ በካቦ የሚሠራው ዲስክ ይሻልሻል። እኔ ብሆን በካቦ የሚሠራ ዲስክ ያለውን ሶራ፣ ተራ ፍሬን ካለው 105 አስበልጬ እመርጣለሁ። ሌላ ሰው በተቃራኒው ይነግርሽ ይሆናል፤ እሱ ደረቅ ሰኔ ያለበት አገር ይነዳል።

ጎማ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ ቀጭን ጎማ ፈጣን ነው ይላል። 23 ሚሊ ሜትር ጎማ ለጥ ላለ አስፋልት ነው። ከልደታ ፍርድ ቤት ጀርባ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ አስቢው፤ ኮብልስቶን፣ የተቆፈረና ያልተደፈነ ጉድጓድ፣ ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ። ቢያንስ 28 ሚሊ ሜትር፣ ከተቻለ 32 ግዢ። ሰፋ ያለ ጎማ በአነስተኛ ንፋስ ይነዳል፣ ድንጋዩ ላይ አይዘልም፣ እጅሽንም አያደነዝዘውም። ግን ጎማውን ብቻ ሳይሆን ለጎማው ያለውን ቦታ ነው የምታዪው፤ አንዳንድ ሳይክል ከ25 በላይ አያስገባም። በጎማውና በሳይክሉ አካል መካከል ጣትሽን አስገቢ፤ አሁን 25 ከተገጠመበትና ጣትሽ ካልገባ፣ ሰፊ ጎማ ለዘላለም አይገባበትም።

ጎማን ካነሳን አይቀር፣ የኮርስ ሳይክል የንፋስ መሙያ ቀዳዳ ቀጭን ነው፤ ጫፏን በጣትሽ ፈታ አድርገሽ ነው ንፋስ የምታስገቢው። ሰፈር ያለው የጎሚስታ መሙያ ግን ለመኪና የተሠራ ስለሆነ በዚህ ላይ አይገጥምም። የጣት ጫፍ የምታክል ናስ አስማሚ አለች፤ ቀጭኑ ላይ ታጠብቂያትና የመኪናው መሙያ ይገጥማል። ሁለት ግዢ፣ አንዷን ቁልፍሽ ላይ እሰሪያት። እሷን ካልያዝሽ፣ ጎማሽ አየር ጤና ላይ ቢተነፍስ፣ ከጎሚስታው ፊት ቆመሽ ታክሲ ትጠሪያለሽ። ጎሚስታውንም ከመሙላቱ በፊት ልኩን ንገሪው፤ የመኪና ጎማ የሚሞላበት ግፊት ለአንቺ ያንሳል፣ ለ28 ጎማና ለአንቺ ክብደት ከአራት ተኩል እስከ አምስት ባር ይበቃል።

አካሉን በሚመለከት ብዙ አልልሽም። አሉሚኒየም ሆኖ የፊት ሹካው ካርቦን ቢሆን ለዋጋው ጥሩ ነው። ያገለገለ ሙሉ ካርቦን ግን አደራ፤ ወድቆ የተሰነጠቀ እንደሆነ በቀለም ተሸፍኖ ላታዪው ትችያለሽ፣ የሚመረምርልሽ ሰው ማግኘትም ቀላል አይደለም። ፔዳሉ የሚዞርበት ኩሽኔታ በጥርስ የሚታሰር ይሁን፣ ተጨምቆ የሚገባው አይሁን፤ በጥርስ የሚታሰረውን ቁልፍ ያለው ሁሉ ይፈታዋል፣ ሌላው ግን ሲንቋቋ ይኖራል። እኛ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ነው ያለነው፣ አሳንሰር የለንም፤ የምትሸከሚው አንቺ ነሽና ሱቁ ውስጥ በአንድ እጅሽ አንስተሽ ደረጃ ላይ እንደምትወጪ አድርገሽ ሞክሪው። ከዐሥራ አንድ ኪሎ በላይ የሆነ የኮርስ ሳይክል በየቀኑ አራተኛ ፎቅ ማውጣት ያሰለቻል፣ የሰለቸሽን ሳይክል ደግሞ አትነጂውም።

ልኩ ላይ ሻጭ እንዳያታልልሽ። «ኮርቻውን ዝቅ እናደርግልሻለን» ይሉሻል፤ ኮርቻ ዝቅ ማድረግ ረጅሙን ሳይክል አያሳጥረውም። ኮርቻው ላይ ሆነሽ መሪውን ስትይዢ ክንድሽ ትንሽ መታጠፍ አለበት፤ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ሳይክሉ ረዝሞብሻል፣ አንገትሽና ትከሻሽ ያልቃል። የመሪው ስፋት ከትከሻሽ ስፋት ጋር ይቀራረብ። ከዚያ ጣቶችሽን ፍሬኑ ላይ አድርጊ። የእኛ እጅ ትንሽ ነው፣ አብዛኛው ሳይክል የሚወጣው ለወንድ እጅ ተስተካክሎ ነው። በብዙዎቹ የሺማኖ መያዣዎች ላይ ግን ፍሬኑን ወደ መሪው የምታቀርብ ትንሽ ብሎን አለች፤ ሻጩ እንዲያቀርብልሽ ጠይቂ። ቁልቁለት ላይ ጣትሽ በደንብ የማይደርስበት ፍሬን፣ ዘይት ቢሆን ካቦ ቢሆን አያድንሽም።

ገንዘቡን እንዲህ አድርገሽ ክፈዪው። ያለሽን ሁሉ ሳይክሉ ላይ አትጨርሺ፤ ከአምስት አንዱን ለይተሽ አስቀምጪ። የራስ ቁር፣ ጠንካራ ቁልፍ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ መንፊያ፣ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ አንድ ትርፍ ሰንሰለት ከዚያ ይወጣል። እግር ከፔዳል ጋር የሚያያዝበት ጫማ አሁን አያስፈልግሽም፤ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ መቶ ጊዜ ትቆሚያለሽ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ተራ ፔዳል ይበቃሻል። የራስ ቁር ግን ያገለገለ አትግዢ፤ አንዴ የተመታ ቁር ውጭው ደህና ቢመስልም ውስጡ ተሰባብሮ ሊሆን ይችላል።

ነድተሽ ሳትሞክሪ መግዛት የለም። ሻጩን መታወቂያሽን አስይዢና ሳይክሉን ዳገት ላይ ውሰጂው፤ መርካቶ ከሆነ ወደ ፒያሳ የሚወጣውን፣ ለገሃር አካባቢ ከሆነ ቸርችል ጎዳናን። ሜዳ ላይ ሁሉም ማርሽ ይሠራል። ዳገት መሃል ደርሰሽ፣ እግርሽ እየረገጠ እያለ፣ ወደ ቀላሉ ማርሽ ቀይሪ። ሰንሰለቱ ሳይንጫጫ፣ ሳይዘል፣ ከመጨረሻው ትልቅ ማርሽ አልፎ ወደ ሽቦዎቹ ሳይወድቅ መግባት አለበት። ከዚያ ተመልሰሽ ውረጂና ፊቱንና ኋላውን ፍሬን ለየብቻ ጨብጫቸው። መሪውን ለአፍታ በአንድ እጅ ያዢ፤ ሳይክሉ ወደ አንድ ጎን ከሳበሽ ሹካው ወይም አካሉ ተጣሟል። እንዲህ አድርገሽ ካለፈ በኋላ ነው ስለ ዋጋ መነጋገር የሚቻለው።

ሌላ ደግሞ፣ አክስታችን ለጥምቀት ከውጭ ትመጣለች፣ ሻንጣዋ ውስጥ ለአንድ ትንሽ ጥቅል ቦታ አይጠፋም። እስካሁን ምንም እንዳታዢያት። መጀመሪያ ሳይክሉን ግዢ፣ ከዚያ የሳይክሉን ሞዴል ስምና ዓመቱን ከአካሉ ላይ ጽፈሽ፣ ያችን የአሉሚኒየም ቁራጭ ፈትተሽ ከፊትም ከጎንም ፎቶ አንሺያት። ለአክስታችን የምትልኪላት ዝርዝር አጭር ይሁን፦ ከዚያች ቁራጭ ሁለት፣ የማርሽሽን ብዛት የሚመጥን ሰንሰለት ሁለት፣ ከ11 እስከ 34 የሆነ የኋላ ማርሽ አንድ፣ ለፍሬንሽ የሚሆን ሸራ ሁለት ጥንድ። ፎቶውን ካልላክሽላት ሌላ ሞዴል ይዛ ትመጣለች፣ ስለዚህ ሳይክሉ እጅሽ በገባበት ቀን ማታ እኔ ጋ ይዘሽው ነይ፣ አብረን ፈትተን እንልክላታለን።